በሐምሌ ፀሐይ በየት በኩል ናት?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ከኋላ ወደ ፊት ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። የፊተኛው ገጽ ዜና ማታ በቴሌቪዥን ስለሚደርሰኝ፣ ጠዋት ከቡናዬ ጋር የምፈልገው በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ የምትወጣውን የቤትና የጓሮ ምክር ነው። ባለፈው ሳምንት ምክሩ በቤት ውስጥ የአበባ ችግኝ ስለማፍላት ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝና ጮክ ብዬ ለባለቤቴ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አፈሩ የተባለው ጥሩ፣ ስለ ውኃው የተባለው ጥሩ፣ ዘሩ የሚቀበርበት ጥልቀት ጥሩ። ከዚያ ችግኙን «በቂ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ፣ በተለይም ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር» እንድናስቀምጥ የሚያዝ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። ባለቤቴ መነጽር አወላለቄን ታውቀዋለችና «ደግሞ ምን ጎደለ?» አለችኝ።

የጎደለው ወሩ ነበር። እዚያው ጽሑፍ ላይ፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ፣ አበባው ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ዘሩን በሰኔ አጋማሽ እንድንዘራ ተመክረናል። በሰኔ፣ በአዲስ አበባ፣ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር! ጸሐፊዋን ለመውቀስ አይደለም የተነሣሁት። ቀሪው ምክራቸው እጅ የነካው መሆኑ ያስታውቃል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ከሌላ ሰማይ የመጣች ናት፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ከዚህ በፊት እኔንም አንድ ክረምት ሙሉ ዘር አስከስሮኛል።

ሙያዬ ግብርና አይደለም። ፎቶ አንሺ ነበርኩ። በ1968 ዓ.ም. ፒያሳ ከነበረ ስቱዲዮ በተላላኪነት ገባሁ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ማጠብ ተማርኩ፤ ኋላም የራሴን ቤት ከፍቼ ከ40 ዓመት በላይ በሰው ፊት ላይ የሚያርፍ ብርሃን ስመለከት ኖርኩ። ጉርድ ፎቶ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ሠርግ። ስልኩ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ሲያደርገው ሱቄን ዘግቼ ዕቃዬን ሸጥኩ። ያልሸጥኩት አንዲት የብርሃን መለኪያ ብቻ ናት። ሴኮኒክ ትባላለች፤ ባትሪ አትፈልግም፣ ነጭ ጉልላት አላት፣ በመዳፍ ትያዛለች። ብርሃን ሲያርፍባት መርፌዋ ይነሣል፤ ሲጠፋ ይተኛል። ከሰው ሁሉ የምታምነው ማንን ነው ብትሉኝ ከባለቤቴ ቀጥሎ እርሷን ነው።

ተቀጥሬ የሠራሁበት ስቱዲዮ ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜን ያይ ነበር። አሠሪዬ ቤቱን የተከራየው ለዚያ መስኮት ሲል ነው፤ ከአውሮፓ የመጡት የሙያው መጻሕፍት የሰሜን መስኮትን አወድሰው አይጠግቡምና። በእነርሱ አገር የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ዞራ አታውቅም፤ ስለዚህ በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ፊት ላይ ጥላ አይቆርጥም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ መጽሐፉ እውነቱን ነበር። ግንቦት ሲገባ ግን የጠዋት ፀሐይ በዚያው መስኮት አግድም ትገባና የተቀመጠችውን ሙሽራ ከግንባሯ እስከ አገጯ ነጭ ጭረት ታሰምርባታለች። አሠሪዬ በየዓመቱ ለዚሁ ሲል አቡጀዲ ይሰቅል ነበር፤ በነሐሴ መጨረሻ ያወርደዋል። «የግንቦት መጋረጃ» እንለው ነበር። ፀሐይዋ ለምን ከማይጠበቅባት በኩል እንደምትመጣ እርሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ደግሞ በሰኔ አጋማሽ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ትዘልቃለች፤ ማለትም አልፋን ትሄዳለች። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜናችን በኩል ነው። ስታልፈንና ስትመለስ፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንቶች፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ደጅ የቆመ ሰው ጥላውን ከጫማው ሥር ነው የሚያገኘው። በቀረው ጊዜ ፀሐይ የደቡብ ናት። በታኅሣሥ ሳሎኔ ውስጥ እስከ ጠረጴዛው እግር ትገባለች፤ በሐምሌ ግን ደመናው ቢገለጥ እንኳ በዚያ መስኮት አንድ ደቂቃ አትገባም፤ መውጣቷም መጥለቋም ከቤቱ ጀርባ ነው።

«ደቡብ መስኮት» የሚለው ምክር እንግዲህ ለለንደንና ለበርሊን ሰው ልክ ነው። ምድር ወገብን ከ50 ዲግሪ በላይ ርቀው ስለሚኖሩ ፀሐይን ከደቡብ በቀር በቀትር አያውቋትም። ችግኙን ቤት የሚያስገቡትም በየካቲት ውጪው ውርጭ ስለሆነ ነው። እኛ የምናስገባው ከሌላ ጠላት ነው። የሐምሌ ዝናብ ፍሬዋን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳታል፣ በረዶው የበቀለችውን ይቀጠቅጣታል፣ የተረፈችውን ቀንድ አውጣ ሌሊት ይግጣታል። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም በሽታው ሌላ ነው፤ መስኮቱም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

ከ3 ዓመት በፊት ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በድሮው ግቢያችን ባለቤቴ በአጥሩ ሥር አበባ ትተክል ነበርና፣ ለእንቁጣጣሽ በረንዳዋን ላስጌጥላት ብዬ አንድ ፓኬት ማሪጎልድና አንድ ፓኬት ፔቱኒያ ገዛሁ። ፓኬቱ ጀርባ ላይ ትንሽ የፀሐይ ሥዕል ነበረበት። ቆርጬ ባዘጋጀሁት የውኃ ፕላስቲክና በእንቁላል ካርቶን ዘርቼ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ ወደ ደቡብ ከሚያየው መስኮት አንድ ሜትር ያህል ርቄ ደረደርኩት። ሳሎናችን በቀን ጋዜጣ ያስነብባል፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባትም ይበቃል። ይህን ያህል ብርሃን ለአንድ ፍሬ አይበቃትም ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? ብርሃንን በሙያ የኖርኩበት እኔ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ማሪጎልዱ በአምስተኛው ቀን ብቅ አለ። በዘጠነኛው ቀን አንዷን ከቀለበት ጣቴ ጋር ለካኋት፤ እኩል ነበሩ። ቁመቷ ግን ጤንነት አልነበረም። ግንዷ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ፣ ከአፈሩ በላይ ነጣ ያለ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተሸክማ ነበር። ሠላሳዎቹም ካሜራ የጠራቸው ይመስል ወደ መስኮቱ አንገታቸውን አስግገዋል። ካርቶኑን አዞርኩት። በማግሥቱ ተመልሰው ዞሩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ቡና ልታቀርብ ስትሄድ አየቻቸውና «ተኝተዋል» አለችኝ። እውነትም እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። ፔቱኒያው ደግሞ ከናካቴው አልበቀለም። ዘሩ ከትንባሆ ዱቄት የማይበልጥ ደቃቅ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፣ ከአፈሩ ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ነው መተው ያለበት። እኔ ግን እንደ ባቄላ ቀብሬዋለሁ። የዚህኛው ጥፋት የመስኮቱ ሳይሆን የራሴ ነው።

ያን ቀን ነው ሴኮኒኳን ከመሳቢያ ያወጣኋት። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ ለበቆልት ጉርድ ልታነሣለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የሐምሌ ደመና ነው፤ ቀትር ገደማ። በ100 ፊልም፣ በ125ኛ ሹተር፣ ዲያፍራም 8 አለችኝ። ሹተር ፊልሙ ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ ነው፣ እዚህ የሰከንድ 125ኛ፤ ዲያፍራም የሌንሱ ቀዳዳ ነው፣ መለኪያዋ የምትለው ቁጥር በተለቀ ቁጥር ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው። በጠራ ፀሐይ ቢሆን 16 ትለኝ ነበር፤ እንዲያውም በጠራ ፀሐይ መርፌዋ ዳር እንዳይመታ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላትን ቆርቆሮ ከጉልላቷ ሥር ማስገባት ግድ ይሆናል። ከ16 ወደ 8 ሁለት ስቶፕ ነው፤ በእያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ደመናው ብቻውን ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርዶታል። ከዚያ ሳሎን ገብቼ መለኪያዋን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፍኳት፤ 2.8። ሌላ ሦስት ስቶፕ፣ ማለትም ከጣሪያው ስምንተኛው እጅ። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ከሰማዩ ገሚሱን ስለሚሸፍን ነው። ወደ ጠረጴዛው፣ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ስሸሽ፣ በዚያው 2.8 ሹተሩን ወደ 30ኛ ማውረድ ነበረብኝ። ቴሌቪዥኑ ካለበት ጥግ ደግሞ ወደ 8ኛ፤ መርፌዋ ከአልጋዋ ለመነሣት ለገመች።

ለፎቶ አንሺ ላልሆነ አንባቢ ልዘርዝረው። የእኔ ችግኞች የቆሙበት ጠረጴዛ በጠራ ፀሐይ ካለ ሜዳ 128 ጊዜ የጨለመ ነበር። ጥጉ 512 ጊዜ። እኛ ያንን ክፍል «ብሩህ ሳሎን» እንለዋለን።

ጥፋቱ የዓይን ነው። ዓይን የራሱ ዲያፍራም አለው፤ ጨለማ ሲገባ ይከፈታል፣ ከኋላውም ያለው መጋረጃ ራሱን ያስለምዳል፤ ሰውዬው የተቀየረ ነገር ያለ አይመስለውም። ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ረዳት ስቀጥር የማስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ዓይኑን እንዳያምን ነበር። ቅጠል ይህ ማታለያ የላትም። ቅጠል ፊልም ናት፤ የደረሳትን ብቻ ትቆጥራለች፣ ያልደረሳትን አታሟላም። ፊልም በደከመ ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ቢከፈትለት ይካሳል፤ ለችግኝም እንዲሁ ሰዓት በመጨመር ጥቂት መካስ ይቻላል። ነገር ግን ብርሃኑ በ128 ካነሰ በ128 ቀን የሚሞላ አንድ ቀን ከየት ይመጣል? የእኛ ቀን በክረምትም በበጋም ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ረጅሙ ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

በእኛው መግቢያ፣ ደረጃውን ስንወጣ ከወዲያ ማዶ፣ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህርት አሉ። የተጋደሙትን ችግኞች በካርቶናቸው ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። አንድ ጊዜ አይተው «እንዴ ጋሼ፣ ረኃብተኛ ናቸውኮ» አሉኝ። መርዘማቸው እድገት ሳይሆን ፍለጋ ነው አሉ፤ ከላይ ጥላ ያለ መስሏቸው ያላቸውን ስንቅ ሁሉ ቁመት ላይ ያፈሳሉ። መጉበጣቸውም ወደ ብርሃን ስለሚሳቡ አይደለም፤ በጨለማው በኩል ያለው የግንዱ ጎን ከብርሃኑ ጎን ይልቅ ፈጥኖ ስለሚረዝም ነው የሚታጠፉት። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ በሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ቆብ ቢደፋበት መጉበጡን እንዳቆመ እ.ኤ.አ. በ1880 የጻፈውን አጫወቱኝ። ብርሃኑን «የሚያየው» ጫፉ ነው፤ የሚታጠፈው ከሥሩ ነው። እኔም በአሉሚኒየም ወረቀት ለሦስት በቆልቶች ቆብ ሠርቼ ሞከርኩት። ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሦስተኛዋ ቆቧን ጥላ ጎበጠች።

የመምህርቷ መኝታ ቤት መስኮት ወደ ምሥራቅ ያያል። በክረምት ከሁሉ የተሻለው መስኮት ይህ ነው። የከተማችን ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ስለሆነ፣ ፀሐይ ብቅ ካለች ጠዋት ናት። ደስ ብሎኝ መለኪያዬን ደፉ ላይ ባሳርፍ ከእኔ ደቡብ መስኮት የባሰ ቁጥር አነበብኩ! ዞር ብዬ መስተዋቱን አየሁ፤ ያ ሰማያዊ፣ ከውጭ ሲያዩት መልክ የሚመልሰው መስተዋት ነው። መስኮቱን ስንከፍተው መርፌዋ በሁለት ስቶፕ ዘለለች። ሰማያዊው መስተዋት ከሚመጣው ብርሃን ሦስት አራተኛውን እያስቀረ ነበር ማለት ነው። ይህ መስተዋት አሁን የማይገባበት ቤት የለም፤ ስለ ቤት ውስጥ አትክልት የሚጽፍ ግን አንድም ሰው ሲያነሣው አላየሁም። ስሱ ነጭ መጋረጃ እንኳ አንድ ስቶፕ ይወስዳል፤ ግማሹን ማለት ነው። መምህርቷ መስኮታቸውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እየከፈቱ የእኔን ካርቶኖች ከራሳቸው ጋር ለማኖር ተስማሙ። በኪራዩ ፋንታ ከአበባው ሲሶውን ይወስዳሉ።

ከችግኞቹ ጀርባ፣ በክፍሉ በኩል፣ ነጭ ፎም አቆምኩ። ይህ የስቱዲዮ ልማድ ነው፤ ፊትን በአንድ ወገን ብርሃን ስታነሣ በጨለማው ጉንጭ በኩል ነጭ ነገር ታቆምለታለህ። ለበቆልቱም ሠራለት። ጨለማው ጎን በአንድ ስቶፕ ያህል ተሻለ፤ መጉበጡም ቀነሰ። መስተዋት አልመክርም፤ ብርሃኑን በአንድ ቦታ ይሰበስብና ሌላውን ይተወዋል። ነጭ ወረቀት የተለበጠበት ካርቶንም ይበቃል።

በጠዋት ደመና ሲዘጋስ? ሐምሌ ነውና ይዘጋል። ስለዚህ መብራት ገዛሁ፤ እዚህም ላይ መጀመሪያ ተሞኘሁ። አንድ ነጋዴ «ልዩ የአትክልት መብራት» ብሎ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ፣ ክፍሉን የመጠጥ ቤት የሚያስመስል አምፖል ሸጠልኝ። አምፖሉ ይሠራል፣ አላማውም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ቅጠል ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል የታመመውን ከጤነኛው መለየት አልቻልኩም፤ ባለቤቴም ሳሎኑን አልቀበልም አለች። ተራው ነጭ ኤልኢዲ፣ 6500 የሚል የተጻፈበት ረጅሙ ዘንግ፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም በውስጡ ይዟል፤ ዋጋውም የዚያን አምፖል ሩብ አይሆንም። ባለ 18 ዋት ሁለት ዘንግ ጎን ለጎን በመደርደሪያው ሥር ሰቀልኩ።

ቁም ነገሩ ያለው በመብራቱ ዓይነት ሳይሆን በርቀቱ ነው። ዘንጎቹ ከቅጠሉ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሲሰቀሉ መለኪያዬ በ125ኛ 4 አለችኝ፤ ቀትር ላይ የመስኮቱ ደፍ ከነበረው እጥፍ ነው፤ ያውም ከጠዋት እስከ ማታ ሳይለዋወጥ። ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ሳነሣቸው ግማሹ ጠፋ። ክብ አምፖል ቢሆን ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህን ማንኛውም የፍላሽ ተማሪ ያውቀዋል። ኮርኒስ ላይ ያለው የቤታችን አምፖል ለችግኝ ምንም የማይፈይደው ስለዚህ ነው፤ ሁለት ሜትር ሽቅብ ነው ያለው። እኔ ዘንጎቹን በገመድ ስላሰርኳቸው ችግኙ ባደገ ቁጥር በአንድ ቋጠሮ ከፍ አደርጋቸዋለሁ። በቀን 14 ሰዓት ይበራሉ፤ ሌሊት ጨለማ ያርፋሉ።

ቆጣሪውን ለሚፈሩ፦ ሁለቱ ዘንጎች በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። የእንጀራ ምጣዳችን አንድ ሰዓት ሲጋግር የሚፈጀው ለእነርሱ የአንድ ሳምንት ቀለብ ነው። ባለቤቴ ይህን ስሌት ከሰማች በኋላ ስለ መብራቱ አንሥታ አታውቅም። መብራት ሲጠፋም መደንገጥ አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ቀን ቢጾሙ አይሞቱም፣ ካርቶኑን ወደ መምህርቷ መስኮት መልሶ መጠበቅ ነው።

አንዲት ነገር ልጨምር፤ ምክር አይደለችም፣ ስለገረመችኝ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የምንሠራበት ቀይ መብራት አለ። የጥቁርና ነጭ ወረቀት ሰማያዊን እንጂ ቀይን ስለማያይ አይበላሽም። ያንን አሮጌ መብራት አውጥቼ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ ለበቆልት በአንድ ጎን አበራሁለት። አልጎበጠም! ቀጥ ብሎ ቆመ። መምህርቷ ሲያስረዱኝ፣ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ትመገበዋለች፤ ለመጉበጥ የምታይበት ዓይኗ ግን ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያውቅም። 40 ዓመት በቀይ መብራት ሥር ከወረቀት ጋር ስኖር፣ ከበቆልት ጋርም ዘመድ መሆኑን ማን ነገረኝ።

ስለ ውኃ ጋዜጣችሁ ያለው ይበቃል። ከላይ ከማጠጣት ከሥር ማስመጠጥ ይሻላል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ሲርስ ግንዱ ከአፈሩ አፋፍ ላይ እንደታነቀ ይቀጥንና በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ብዙ ውኃ ስለማይጠጣ አፈሩ ሳይደርቅ ይከርማልና ሁለቱ ጥፋቶች አብረው ነው የሚመጡት።

ጋዜጣው ጨርሶ ያልነካው ግን መውጫውን ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ደመናው ገለል ባለበት አንድ ቀን፣ በመብራት ሥር ያደጉ፣ ግንዳቸው እንደ ክብሪት እንጨት የጠነከረ፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆኑ 24 ማሪጎልዶች ነበሩኝ። ኩራት ቢያንቀኝ ፀሐይ ላሳያቸው ብዬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በረንዳ አወጣኋቸውና ወደ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ከ9 ሰዓት በኋላ ስመለስ የላይኛው ቅጠላቸው ብራና መስሎ ነጥቷል። አልጠወለጉም፣ ውኃም አልጎደላቸውም፤ ተቃጥለዋል። ከፊልም ጋር አንድ ነው፤ ለጥላ ያዘጋጀኸውን ለፀሐይ ስትከፍተው ፎቶው ነጭ ይሆናል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ከሆለታና ከባቱ ወደ ሆላንድ የሚጫነውን ጽጌረዳ የሚያሳድገውም ይኸው ብርሃን ነው፤ ለቤት ልጅ ግን በማንኪያ ነው የሚሰጠው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በሁለተኛው ለሁለት ሰዓት እያሉ በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ማላመድ። ከ24ቱ 15ቱ አዲስ ቅጠል አውጥተው ተረፉ። ለእንቁጣጣሽ አልደረሱም፤ ለመስቀል ነበር ያበቡት።

አንባቢዎቻችሁ ሴኮኒክ እንዲገዙ አልጠይቅም። ነጭ ወረቀት ችግኙ በሚቀመጥበት ቦታ አንጥፈው እጃቸውን ከላዩ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው ይዘርጉ። ጥላው ጣት ከጣት ለይቶ ከታየ ቦታው ይበቃል። ደብዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ከሆነ ለቤት ቅጠል እንጂ ለአበባ ችግኝ አይሆንም። ጥላ ከሌለ ዘሩን ለጎረቤት ይስጡት። ይህንን ማድረግ ያለባቸውም ዘሩ በሚያድግበት ወር ነው፤ በታኅሣሥ የለካ ሰው በሐምሌ ይታለላል።

የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት በዚያው ጥግ ላይ «በክረምት ምሥራቅ፣ በበጋ ደቡብ» የምትል ማረሚያ አውጡልን። «ብርሃን ያለበት ቦታ» የሚለውን ቃልም ከርቀት ጋር ጻፉት፤ ከመስኮቱ ስንት ስንዝር፣ መስተዋቱ ምን ዓይነት፣ መጋረጃው ተከፍቶ ወይስ ተዘግቶ። ጸሐፊዋ ፈቃዳቸው ከሆነ መለኪያዬን ይዤ ቤታቸው ድረስ መጥቼ መስኮታቸውን ብለካላቸው ደስታዬ ነው። ቡና ካለ አልጠላም።

በዚህ ዓመት 40 ማሪጎልድና አንድ ሳህን ፔቱኒያ ለማፍላት አስቤያለሁ። ፔቱኒያው ቀርፋፋ ስለሆነ በግንቦት መጨረሻ ይዘራል፤ ዘሩን አሁን በደረቅ ጠርሙስ ከፍቼ ሳየው ነበር፤ በእስትንፋሴ እንዳይበንብኝ አፌን በእጄ ይዤ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛው ፎቶ አንሺ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ